ከ«ፍርድ ቤት» እስከ «ተግባረ እድ»፦ በአማርኛ ጥምር ቃላት የቀለም አከፋፈልና የድምፅ ጫና

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በአማርኛ ጥምር ቃላት ውስጥ ቀለም እንዴት እንደሚከፈል፣ የድምፅ ጫናም ጥምር ቃልን ከሐረግ ለመለየት ያገለግል እንደሆነ ይመረምራል። ማስረጃዎቹ በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማና አካባቢው በየዕለቱ የሚነገሩ የፍርድ ቤት ቃላትና የከተማ ቀላል ባቡር ፌርማታ ስሞች ናቸው። ለንጽጽር ኖርዌይኛ ቀርቧል። የጽሑፉ ክርክር የሚከተለው ነው፦ አማርኛ ጥምር ቃልን በጫና ስለማይለይ «አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት?» የሚለው ጥያቄ በጆሮ ሊፈታ አይችልም፤ መልሱ ከቅጥያ አቀማመጥና በድንበር ላይ ከሚደርሰው የቀለም መዋሐድ መፈለግ አለበት።

ቁልፍ ቃላት፦ ቀለም፣ ጥብቀት፣ ጥምር ቃል፣ ሰርጎ ገብ አናባቢ፣ የድምፅ ጫና

ችግሩ

የዐቃቤ ሕግን ስም የሚጽፍ ሰው ከፊቱ ስንት ምርጫ አለው? የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ክፍል ሕ ወይም ህ ይገባል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ክፍተት ሊተው ወይም ሊቀር ይችላል። ሦስት በሁለት፣ እንደገና በሁለት ሲባዛ ዐሥራ ሁለት አጻጻፍ ይገኛል፤ ዐሥራ ሁለቱም የሚነበቡት በአንድ ዓይነት ነው። የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ብዙ ተጽፎበታል። የክፍተቱ ጉዳይ ግን የሚታየው እንደ ጸሐፊው ልማድ እንጂ እንደ ሥነ ድምፅ ጥያቄ አይደለም።

በተግባር ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ከተደረገ ወዲህ የቀድሞ ውሳኔን ፈልጎ ማግኘት የጠበቃም የዳኛም የዘወትር ሥራ ሆኗል። በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው «ፍርድ ቤት» ብሎ ከጻፈ፣ መሣሪያው ይህን እንዲያውቅ ካልተደረገ በቀር «ፍርድቤት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሥርዓት የሚሠራ ባለሙያም በዚሁ ይፈተናል። ማየት የተሳነው ተማሪ የሚያዳምጠው የማሽን ንባብ የጥምር ቃሉን ድንበር ካላወቀ፣ የት ማጥበቅ፣ የት አናባቢ ማስገባት፣ የትኛውንስ አናባቢ መዋጥ እንዳለበት አያውቅም።

ልደታ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ የማስረጃ ሰፈር ናት። ስሟ በከተማው ንግግር ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ጋር ተቆራኝቷል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ ቃለ መሐላ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ፍትሐ ብሔር፣ ሕገ መንግሥት፣ ንዑስ አንቀጽ የሚሉት ቃላት እዚያ የዕለት ቋንቋ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮችም በልደታ፣ በተግባረ እድና በሜክሲኮ በኩል ሐዲድ ተጋርተው ያልፋሉ፤ የፌርማታዎቹ ስም አብዛኛው ጥምር ነው። «ልደታ» ራሷ ግን ጥምር ቃል አይደለችም፤ የሐረግ ቁራጭ ናት። «ልደታ ለማርያም» በግእዝ «የማርያም ልደቷ» ማለት ሲሆን መጨረሻዋ ላይ ያለው «ኣ» የባለቤትነት ቅጥያ ነው። ሰፈሩ ሐረጉን ከወገቡ ቆርጦ ቅጥያውን እንደ ቃሉ አካል ይዞ ቀርቷል።

የአጻጻፍ ስምምነት

የግእዝ ፊደል ሁለት ነገሮችን አያሳይም፦ ጥብቀትንና የሳድስን አናባቢ መኖር ወይም አለመኖር። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የቀለም ድንበር በሰረዝ ይመለከታል፣ የጠበቀ ተነባቢም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሳድስ ፊደል በቀለም መነሻ ላይ ሲሆን ከአናባቢው ጋር ይነበባል፤ በዚያው ቀለም ውስጥ ተከትለው የሚመጡ ሳድሶች ግን ባዶ ተነባቢዎች ናቸው። በዚህ መሠረት «ፍርድ» አንድ ቀለም ነው፦ ፍ አናባቢ አላት፤ ር እና ድ የላቸውም። «ሕግ» የሚጻፈው «ሕግግ» ተብሎ ነው፤ መድረሻው ጠባቂ ነውና።

የአማርኛ ቀለም በአብዛኛው አንድ መነሻ ተነባቢ፣ አንድ አናባቢና ቢበዛ አንድ መድረሻ ተነባቢ ይኖረዋል። በቃል መጨረሻ ላይ ብቻ ሁለት መድረሻ ይፈቀዳል፤ ይህም ተነባቢዎቹ እንደ «ስልክ»፣ «ወርቅ»፣ «ፍርድ» ከድምፀ ጎሉ ወደ ድምፀ ዝቅተኛው ሲወርዱ ወይም እንደ «ልብብ»፣ «ሕግግ» አንድ ጠባቂ ተነባቢ ሲሆኑ ነው። ይህ ካልሆነ የሳድስ አናባቢ ሰርጎ ይገባል፤ «ምግብ» ሁለት ቀለም (ም-ግብ) የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «ሰርጎ ገብ» የሚለው ሙያዊ ስያሜ ራሱ ጥምር ቃል መሆኑ ለዚህ ርዕስ የሚስማማ አጋጣሚ ነው።

ሦስት ተነባቢዎች በድንበር ላይ

«ፍርድ» ላይ «-ና» የሚለው ቅጥያ ሲጨመር ሦስት ተነባቢዎች ይጋጠማሉ። አማርኛ ይህን አይታገስም፤ ውጤቱ «ፍር-ድን-ና» ነው። «-ም» ሲጨመርም «ፍር-ድም» ይሆናል። «ሕግ» በተመሳሳይ መንገድ «ሕግ-ግን-ና» ይላል። በቅጥያ ድንበር ላይ ሰርጎ ገቡ ግዴታ ነው፤ አማራጭ የለውም።

«ፍርድ ቤት» ሲባልስ? እዚህም ር፣ ድ፣ ብ ይደራረባሉ። ይሁን እንጂ ሁለት አነባበቦች ይቻላሉ። ረጋ ባለ ንባብ፣ ለምሳሌ ብይን ጮክ ብሎ በሚነበብበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቀለም ጠብቆ «ፍርድ-ቤት» ይባላል፤ ድ ያለ አናባቢ ትዘጋለች፤ ሁለት ቀለም። ፈጠን ባለ ንግግር ደግሞ ድ በትንሽ አናባቢ ተደግፋ ራሷን ችላ ልትቆም ትችላለች፦ «ፍር-ድ-ቤት»፤ ሦስት ቀለም። «ሕግ ተርጓሚ» እንዲሁ ነው፦ «ሕግግ-ተር-ጓ-ሚ» ሲባል ጠባቂው ግ ከሌላ ተነባቢ ጋር ይጋፈጣል፤ ይህ በቅጥያ ድንበር ላይ አይታይም።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ግልጽ ነው። የጥምር ቃል ድንበር ከቅጥያ ድንበር ይጠነክራል፤ የመጀመሪያው ክፍል በቃል መጨረሻ ላይ ብቻ የሚፈቀደውን የሁለት መድረሻ መብት በጥምረት ውስጥ ይዞ ይቆያልና። ድንበሩ ግን እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ድንበር የማይነካ አይደለም። በአማርኛ ጥምር ቃል ድንበር የሚፈርሰው ቀስ በቀስ ነው፤ የትኛው ቃል እስከ የት እንደ ፈረሰ ማወቅም የምርምሩ ዋና ሥራ ነው።

የስንኝ ምጣኔ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል ማለት ይቻላል። በስድስት ስድስት ቀለም የሚለካው የወል ቤትም ሆነ በአምስት አምስት ቀለም የሚለካው ሰንጎ መገን፣ ገጣሚው የሳድስ ፊደልን እንደ ሙሉ ቀለም መቁጠር ወይም ወደ ቀድሞው ቀለም ማስጠጋት ይችላል። «ፍርድ ቤት»ን የያዘ ስንኝ ለሚጽፍ ሰው ቃሉ የሁለትም የሦስትም ቀለም ቦታ ሊይዝለት ይችላል። የስንኝ ቆጠራን «የግጥም ነፃነት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ገጣሚው የሚጠቀመው ቋንቋው የፈቀደውን አማራጭ ነው። የአማርኛ ስንኝ ስብስቦች ለቀለም ጥናት ያላቸው ዋጋ ገና አልተነካም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተመሳሳይ ተነባቢዎች ሲገናኙ

«መዝገብ ቤት» የሚለው ቃል ሌላ ነገር ያሳያል። መጨረሻ ላይ ያለችው ብ ከመነሻዋ ብ ጋር ተገጣጥማ አንድ ረጅም ተነባቢ ትሆናለች፦ መዝ-ገብ-ቤት። «ምግብ ቤት»ም እንዲሁ፦ ም-ግብ-ቤት። በባቡሩ የሰሜን ደቡብ መስመር ላይ የሚገኘው «ንፋስ ስልክ» በስ ይህንኑ ይደግማል፦ ን-ፋስ-ስልክ። «አትክልት ተራ» ደግሞ ከፍ ያለ ፈተና ነው፦ አት-ክልት-ተ-ራ። ሦስት ተነባቢዎች (ል፣ ት፣ ት) ተደራርበዋል። ከእነርሱ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በንግግር የሚሰማው አንድ ጊዜ ተዘግቶ ዘግይቶ የሚከፈት ት ነው፤ ሁለቱን ት ለያይቶ በመካከላቸው አናባቢ የሚያስገባ ተናጋሪ ሁለቱን ቃላት ነጣጥሎ እየቆጠረ ካልሆነ በቀር አይገኝም።

ይህ ረጅም ተነባቢ ከመዝገበ ቃላታዊው ጥብቀት ጋር አንድ ነውን? «አለ» እና «ገና» እንደ ጠበቁና እንደ ላሉ ሁለት ሁለት ፍቺ እንደሚሰጡ የታወቀ ነው። የ«መዝገብ ቤት» ብ ፍቺ አይለይም፤ ከመጋጠም የመጣ ነው። ቢሆንም በአንድ ነገር ከጠባቂ ብ ጋር ይመሳሰላል። በአማርኛ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለች የላላች ብ ከንፈር ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ትለሰልሳለች፤ «መዝገቡ» ሲባል የሚሰማው ይህ ነው። የጠበቀች ብ ግን አትለሰልስም። በ«መዝገብ ቤት»ም አትለሰልስም። በአንጻሩ «ቡና ቤት» (ቡን-ና-ቤት) ሲባል ብ በሁለት አናባቢዎች መካከል ትውላለች፤ በፈጣን ንግግር ከለሰለሰች ድንበሩ ላልቷል ማለት ነው፤ ካልለሰለሰች ተናጋሪው አሁንም ሁለት ቃላት ይሰማል። የብ መለስለስ ስለዚህ ለድንበር ጥንካሬ ርካሽና አስተማማኝ መለኪያ ሊሆን ይችላል።

አናባቢዎች ሲገናኙ

የመጀመሪያው ክፍል በተነባቢ፣ ሁለተኛው በአናባቢ ሲነሣ ተነባቢው ወደ ቀጣዩ ቀለም ይሻገራል። «ሕግ አውጪ» ሲባል «ሕግ-ጋው-ጪ»፣ «ንዑስ አንቀጽ» ሲባል «ን-ዑ-ሳን-ቀጽ»። የመዲናይቱ ስምም ከዚህ ውጭ አይደለም፦ አድ-ዲ-ሳ-በ-ባ። በዚህ ጊዜ የቀለም ድንበር ከቃል ድንበር ጋር አይገጥምም፤ ክፍተቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የበለጠ የሚያመራምረው ሁለት አናባቢዎች ሲጋጠሙ ነው። «ተግባረ እድ» በግእዝ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው፤ «ረ» ላይ ያለው የግእዝ አናባቢ ሁለቱን ቃላት የሚያናብብ ሰዋስዋዊ ምልክት ነው። በንግግር ግን ስሙ «ተግ-ባ-ረድ» ነው፦ ሦስት ቀለም። የ«እድ» ሳድስ አናባቢ ጠፍቷል። የባቡር ፌርማታው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ለ«እ» ምንም ወኪል የለም፣ ስሙም ያለ ክፍተት አንድ ቃል ሆኖ ይወጣል። «ጦር ኃይሎች»ም በላቲን እንዲሁ ተቀጥሎ ይጻፋል። «ገብረ እግዚአብሔር» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች በአብዛኛው «እ»ን ይተዋሉ፤ «ገብረ ኢየሱስ» ሲጻፍም «ኢ» ትወድቃለች። የላቲን አጻጻፍ ለአማርኛ ድምፅ ምስክር መሆኑ እንግዳ ቢመስልም፣ ጸሐፊው የፊደል ልማድ ሳያስረው እንደ ሰማው ስለሚጽፍ ምስክርነቱ ዋጋ አለው።

አሸናፊው አናባቢ የቱ ነው? ከ«ተግባረ እድ» ብቻ ቢነሡ ሰዋስዋዊው ምልክት ይድናል ያሰኛል። «ባለ» የሚለው ቃል የሚያስገኛቸው ጥምሮች ግን ይህን ያፈርሳሉ። «ባለ» ከ«አገር» ጋር «ባላገር»፣ ከ«አደራ» ጋር «ባላደራ» ሆኗል፤ እዚህ የወደቀው ሰዋስዋዊው ምልክት ራሱ ነው። «ባለ» ከ«እጅ» ጋር ሲሆን ደግሞ «ባለጅ» (ባ-ለጅጅ) ይሆናል፤ ምልክቱ ድኗል። በችሎት የሚሰማው «የፍርድ ባለዕዳ»ም «ባ-ለ-ዳ» ነው። ስለዚህ ዳኛው ሰዋስው ሳይሆን የአፍ መከፈት ነው፦ «ኣ» የግእዙን አናባቢ ታሸንፋለች፣ የግእዙ አናባቢ ደግሞ ሳድሱን። ሳድስ ሁልጊዜ ተሸናፊ መሆኑ ከሰርጎ ገብነቱ ጋር ይስማማል፤ ለቀለም ድጋፍ ሲባል የገባ አናባቢ ሌላ ደጋፊ ሲያገኝ ይወጣል።

«ባላገር»ን ማንም እንደ ሁለት ቃል አይጽፍም። ብዙ ተናጋሪም ከ«ባለ» እና ከ«አገር» የተሠራ መሆኑን ቆም ብሎ ካላሰበ አያስተውልም። «ባልንጀራ» ከ«ባለ እንጀራ» መጣ የሚለው የታወቀ አተናተን ትክክል ከሆነ መንገዱ የበለጠ ርቋል፤ የ«ለ» አናባቢ ጭምር ወድቆ ባ-ልን-ጀ-ራ ተብሎ ቀለሙ እንደ አዲስ ተከፋፍሏል። በሌላ በኩል «ሜክሲኮ አደባባይ» ገና ሁለት አናባቢዎቹን ይዞ ይገኛል፤ በኦ እና በአ መካከል ቀጭን የው ድምፅ ሊሰማ ይችላል እንጂ አንዳቸውም አይወድቁም። በቅርብ የተጣመረ ስም አልተዋሐደም፤ በዘመናት የታሸ ግን ስፌቱ ጠፍቷል።

ስለ ግእዙ አናባቢ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። «ሕገ መንግሥት» (ሕግ-ገ-መን-ግሥት) በግእዝ አናባቢ ሲናበብ «ፍትሐ ብሔር» (ፍት-ሐ-ብ-ሔር) በ«ኣ» ይነበባል። ልዩነቱ የጉሮሮ ድምፁ ያመጣው ነው፤ በአማርኛ ንባብ «ሐ» ግእዝ ተብላ ብትጠራም ድምጿ ራብዕ ነው። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሥርዓት ይህን በቀላሉ ይማራል፤ ከባዱ የ«ሕገ» ግ መጥበቋን ማወቅ ነው፤ ያን ፊደሉ አይነግረውምና።

የድምፅ ጫና የት አለ?

በኖርዌይኛ ጥምር ቃል ሲነገር ዋናው ጫና በመጀመሪያው ክፍል ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ ደረጃ ጫና ብቻ ይይዛል። «ባርነሃገ» የሚለው ቃል መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው፤ «ባርን» ልጅ፣ «ሃገ» የአትክልት ቦታ ሲሆን በመካከላቸው የገባችው ደካማ አናባቢ ለአማርኛ ተናጋሪ የ«ልበ ሙሉ»ን «በ» ታስታውሳለች። ቋንቋው ጥምር ቃልን አጣብቆ ይጽፋል፤ ነጣጥሎ መጻፍ እንደ ስሕተት ይቆጠራል፣ ስለዚህም ስሕተት በየጊዜው አቤቱታ ይሰማል። የተጠራጠረ ጸሐፊ ግን መፍትሔ አለው፦ ቃሉን ጮክ ብሎ ማንበብ። አንድ ዋና ጫና ከሰማ አንድ አድርጎ ይጽፋል። እንግሊዝኛም «ብላክቦርድ» ሲባል ሰሌዳውን፣ ጫናው በሁለተኛው ቃል ላይ ሲያርፍ ደግሞ ማንኛውንም ጥቁር ሳንቃ ያመለክታል።

አማርኛ ይህን አያደርግም። የአማርኛ ጫና ደካማ ነው፣ ቃልን ከቃል አይለይም፤ ቮልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት ያለ ዳጎስ ያለ የማጣቀሻ ሰዋስው ለጥብቀት የሚሰጠው ክብደት ከጫናው ጋር የሚወዳደር አይደለም። «ነጭ ሽንኩርት» የሚለው ቃል ጥሩ ፈተና ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርትና ቀለሙ ነጭ የሆነ ተራ ሽንኩርት ያለ ቅጥያ ሲነገሩ በድምፅ አንድ ናቸው፦ ነጭጭ-ሽን-ኩርት። ልዩነቱ የሚወጣው እዝል ሲጨመር ነው፦ «ነጭ ሽንኩርቱ» ሲባል የመጀመሪያው፣ «ነጩ ሽንኩርት» ሲባል ሁለተኛው። እንግሊዝኛ በጫና የሚሠራውን አማርኛ በቅጥያ አቀማመጥ ይሠራል።

በአማርኛ የጠበቀ ተነባቢ ያለበት ቀለም ጎልቶ ይሰማል የሚል አስተያየት አለ። አስተያየቱ ልክ ቢሆን እንኳ ጉልህነቱ ጥምርነትን አያመለክትም። በኖርዌይኛ ርዝመትና ጫና የተሳሰሩ ናቸው፤ ጫና ያረፈበት ቀለም ወይ ረጅም አናባቢ ወይ ረጅም ተነባቢ ሊኖረው ግድ ነው። በአማርኛ ጥብቀት ከሥርወ ቃሉና ከቅጥያው ይመጣል እንጂ ጫናን አይጠብቅም፦ በ«ሕገ መንግሥት» በመጀመሪያው ክፍል፣ በ«ጦር ኃይሎች» (ጦር-ሃይ-ሎችች) በብዙ ቁጥር ቅጥያው መጨረሻ፣ በ«ቡና ቤትና» በሁለቱም ዳር ይገኛል። ጉልህነት ጥብቀትን የሚከተል ከሆነ የጥምር ቃሉ ጉልህ ቦታ እንደ ክፍሎቹ ይለዋወጣል፤ ቋሚ «የጥምር ቃል ጫና» አይኖርም ማለት ነው። ሌላም ማስረጃ አለ። ጫና ጠንካራ በሆነባቸው ቋንቋዎች ጫና ያላረፈባቸው አናባቢዎች ይደበዝዛሉ። በአማርኛ ጥምር ቃል የሁለተኛው ክፍል አናባቢዎች መልካቸውን አይለውጡም፤ የሚመጣውና የሚሄደው ሳድሱ ብቻ ነው፣ እርሱም የሚታዘዘው ለተነባቢዎች ድርድር ነው።

አንድ ጥያቄ ግን እዚህ ላይ መነሣት አለበት። አማርኛ ሁለት ዓይነት የቃል ቅደም ተከተል አለው። «መዝገብ ቤት» በአማርኛ ወግ ዘርፉን አስቀድሞ ባለቤቱን ያስከትላል፤ «ቤተ መጻሕፍት» በግእዝ ወግ ባለቤቱን ያስቀድማል። «ቤተ ሙከራ» እና «ሥነ ልሳን» ያሉ አዳዲስ ሙያዊ ቃላት በሁለተኛው ወግ መፈጠራቸው ወጉ ሕያው መሆኑን ያሳያል። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ በንግግር ከፍ ብሎ የሚሰማ ከሆነ፣ ከፍታው የሚከተለው ቦታን ነው ወይስ ዘርፍነትን? «ቤተ መጻሕፍት ነው የምሄደው፣ ቤተ ሙከራ አይደለም» በሚል ንግግር ውስጥ ድምፅ የሚነሣው ዘርፉ ላይ ነው፤ «መዝገብ ቤት እንጂ ምግብ ቤት አላልኩም» ሲባልም ዘርፉ ላይ ነው፣ ምንም እንኳ ቦታው ቢለያይም። ይህ የንጽጽር አጽንዖት እንጂ የቃል ጫና አይደለም፤ ሁለቱን ሳይለዩ ከአንድ ተናጋሪ ንባብ ስለ አማርኛ ጫና ድምዳሜ መስጠት አደገኛ ነው።

ለአጻጻፍ ምን ይከተላል?

ጆሮ ዳኛ መሆን ካልቻለ መስፈርቱ ሌላ ቦታ መገኘት አለበት። ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) በተሰኘው መጽሐፋቸው ካስለመዱት አካሄድ፣ ማለትም ቃልን በውስጣዊ አወቃቀሩ ከመመርመር፣ መነሣት ይቻላል። እዝልና የብዙ ቁጥር ቅጥያ በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ብቻ ከገቡ ቃሉ አንድ ነው፦ «ፍርድ ቤቱ»፣ «ፍርድ ቤቶች»፤ «ፍርዱ ቤት» የሚል ተናጋሪ የለም። በዚህ መስፈርት «ፍርድ ቤት»፣ «መዝገብ ቤት»፣ «ሕገ መንግሥት» አንድ ቃል ናቸው። ይህ ማለት ግን ተቀጥለው ይጻፉ ማለት አይደለም። ቀድሞ በብራና ላይ ሁለቱ ክፍሎች በሁለት ነጥብ ይለዩ ነበር፤ የዛሬው ክፍተት የዚያ ወራሽ ነው፣ ለአንባቢም ይጠቅማል። «መዝገብቤት» ተብሎ ሲቀጠል ዓይን የት እንደሚያርፍ ይቸገራል። የሚበጀው ክፍተቱን መተውና ለማሽን ግን ጥምሩን እንደ አንድ ቃል ማስመዝገብ ነው፤ ስፌታቸው የጠፋ እንደ «ባላገር» ያሉት ብቻ ተቀጥለው ይቆያሉ።

መስፈርቱን የሚያስቸግሩት ወደ ግእዝ ብዙ ቁጥር የሚሄዱት ናቸው። «ቤተ ክርስቲያን» ወደ «አብያተ ክርስቲያናት»፣ «ዐቃቤ ሕግ» ወደ «ዐቃብያነ ሕግ» ሲለወጥ ብዙ ቁጥር በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ የቀለሙም አከፋፈል ከሥሩ ይቀየራል። በአንዱ ሰነድ «ዐቃብያነ ሕግ»፣ በሌላው «ዐቃቤ ሕጎች» የሚለው ጎን ለጎን ይገኛል። የመጀመሪያውን የሚጽፍ ሰው ድንበሩን ይጠብቃል፤ ሁለተኛውን የሚጽፍ ድንበሩን አፍርሶ ቃሉን እንደ «ፍርድ ቤት» ይቆጥረዋል። እዝል ሲጨመር ግን ሁለቱም ይስማማሉ፦ «ዐቃብያነ ሕጉ»፣ «ዐቃቤ ሕጉ»። ከሁለቱ ምልክቶች የትኛው እንደሚበልጥ በወረቀት ክርክር አይወሰንም። ተመሳሳይ ተናጋሪዎች «መዝገብ ቤት»ን፣ «ቡና ቤት»ንና «ዐቃቤ ሕግ»ን በዝግታና በፍጥነት ሲናገሩ የብ ርዝመትና መለስለስ፣ የሁለተኛው ቃል መነሻ አዘገጋግ፣ የሰርጎ ገቡ አናባቢ ቆይታ በሚሊ ሰከንድ ተለክቶ ከቅጥያ አጠቃቀማቸው ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል።